ለባለሥልጣን ማስታወቂያ፣ ለጎረምሳ ወንጀል?

ጭሮ ውስጥ፣ "አሰበ ተፈሪ" ማለት ያልተውን ሰዎች መንደር ጭምር፣ አንድ ክርክር ከተነሳ ሰነበተ። ስለ ኑሮ ውድነት አይደለም። ስለሱ መከራከር ከተውን ቆይተናል፤ ተቃራኒውን ይዞ የሚከራከር ሰው ጠፋ። ክርክሩ ስለ ድሮን ነው። የሚፈነዳውን ማለቴ አይደለም፤ ስለሱም እመጣበታለሁ። ልጆች የሚጫወቱባት፣ አራት ሽክርክሪት ያላት፣ ከእንጀራ ምጣድ የምታንስ፣ ሆዷ ላይ ካሜራ የተለጠፈባት ነገር አለች አይደል? ጥያቄው እሷን ይመለከታል። ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ለመዝናኛ ትብረር ወይስ አትብረር?

"አንተን ምን አገባህ?" የሚለኝ አይጠፋም። ያገባኛል። አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ከጭሮ መቶ ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። በመኪና አዲስ አበባ ደርሶ የተመለሰ የሐረርጌ ሰው ሁሉ ፓርኩን መሐል ለመሐል አቋርጦ አልፏል። የኩኒ ሙክታር የዱር እንስሳት መጠለያ ደግሞ እዚሁ ደጃችን ነው። ከገለምሶ፣ ከበዴሳ፣ ከሂርና የሚመጣ ሰው ተራሮቹን እያየ ነው የሚያልፈው። የሰማያቸው ነገር እኛን ካላገባን ማንን ሊያገባ ነው?

የልጆቹን ነገር ላስቀድም፤ የሚናቅ አይደለምና። ሠርግ እየቀረጹ የሚተዳደሩ፣ ማታ ማታ ቲክቶክና ዩቲዩብ ላይ የሚለጥፉ ልጆች ናቸው። ሥራ ፈጠራ ተብሎ በየስብሰባው የሚወራው በተግባር ይኸው እነሱ ላይ ይታያል። አንደኛው እንዲህ አለኝ፦ "አቦ ጋሼ፣ እስቲ ቴሌቪዥን ይክፈቱ! ወንጪን የሚያሳዩን ከሰማይ ነው። ጎርጎራን ከሰማይ ነው። ሃላላ ኬላን ከሰማይ ነው። ባለሥልጣን ሊጎበኝ ሲሄድ እንኳ የመኪናውን ሰልፍ የሚያሳዩን ከሰማይ ነው። እኛ የአዋሽን ፏፏቴ ከሰማይ ብናሳይ ምን ይጎድላል?"

እውነቱን ነው። በ2008 ዓ.ም. "ምድረ ቀደምት" የሚለው የቱሪዝም መጠሪያ ከወጣ ወዲህ፣ በተለይም በ2012 ዓ.ም. መጨረሻ "ገበታ ለሀገር" ከተባለ ወዲህ፣ አገራችንን እንደ ንስር ከላይ ወደ ታች ማየት ለምደናል። በመሬት ላይ የሚሄደው ዜጋ ግን እንደዚያ አያያትም። እሱ የሚያየው ጉድጓዱን፣ ኬላውንና የነዳጁን ሰልፍ ነው። መንግሥት ከሰማይ የሚያነሳት ኢትዮጵያ ሁልጊዜ አረንጓዴ ናት፤ አቧራ የላትም፣ ለማኝ የላትም። ልጆቹ የቀኑት በዚህ ነው፤ አይፈረድባቸውም።

ታዲያ ሕጉ ምን ይላል? በአገራችን ድሮን ለማስገባትም ሆነ ለማብረር ፈቃድ የሚጠየቀው ከኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር፣ ሕዝቡ "ኢንሳ" ከሚለው መሥሪያ ቤት ነው። ያለ ፈቃድ በቦሌ ይዟት የመጣ ቱሪስት ድሮኑን ጉምሩክ አስቀርቶ ይገባል፤ ሲመለስ ይወስዳታል። አስጎብኚዎች ይህን ለእንግዶቻቸው ገና ከአገራቸው ሳይነሱ ይነግሯቸዋል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ኢንሳ የተቋቋመው ለመረጃ መረብ ደህንነት ነው። "ማን ነህ? ምን ልታነሳ ነው? ለማን ልትሰጥ ነው?" ብሎ ቢጠይቅ ሥራው ነው። አጋዘኗ ትደነግጥ ይሆን፣ ጥንብ አንሳው ጎጆውን ጥሎ ይሄድ ይሆን ብሎ መጨነቅ ግን ሥራው አይደለም።

ሥራው የሆነው የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። እሱ የሚሠራበት የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541 የወጣው በ1999 ዓ.ም. ነው። ተራ ሰው ከሱቅ ገዝቶ የሚያበርራትን ድሮን በዓለም ላይ ያበዛው የቻይናው ዲጄአይ ኩባንያ "ፋንተም" የተባለችውን ገበያ ላይ ያዋለው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። አዋጁ ሲጻፍ ይቺ ጉድ አልተወለደችም ነበር፤ ሕግ አውጪው ባያስባት አይገርምም። የሚገርመው ተወልዳ፣ አድጋ፣ አገሩን ሁሉ ከሞላችው በኋላም አለመታሰቧ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ያለው ክልከላ ሰው የሚፈራ እንጂ አውሬ የሚጠብቅ አይደለም። ሰው ፈርቶ የተከለከለ ነገር ደግሞ ሰው ሲወደድ ይፈቀዳል። ባለጊዜው፣ ደብዳቤ የተጻፈለት፣ ከላይ የተደወለለት ያበርራል። ያልተደወለለት ይነጠቃል፤ ይታሰራልም። በዚህ መሐል የተጠበቀ አጋዘን የለም።

የኔን አቋም ሳላድበሰብስ ልናገር። ለመዝናኛ የሚበር ድሮን ብሔራዊ ፓርክና የዱር እንስሳት መጠለያ ውስጥ መግባት የለበትም። ለጎረምሳውም አይፈቀድ፤ ለባለሥልጣኑ አጀብ ካሜራማንም አይፈቀድ። ልጆቹ ይህን ስነግራቸው "ጋሼም ኢንሳ ሆኑ እንዴ?" ብለው ሳቁብኝ። ይሳቁ። ምክንያቴን ግን ይስሙኝ።

ኩኒ ሙክታር በደርግ የመጨረሻ ዓመታት የተከለለው ለደጋ አጋዘን ነው። ፈረንጆቹ "ማውንቴን ኒያላ" የሚሉት፣ ከኢትዮጵያ ውጭ በዓለም ላይ የትም የማይገኝ እንስሳ ነው። ቤታችሁ የተረሳች አሥር ሳንቲም ካለች ገልብጣችሁ እዩ፤ ቀንዱን ጠምዝዞ የቆመው እሱ ነው። (በአሥር ሳንቲም የሚገዛ ነገር ጠፍቶ ሳንቲሟም ጠፋች፤ አጋዘኑም እንደሷ እንዳይሆን ነው ጭንቁ።) ብዙው የሚኖረው ባሌ ውስጥ ነው፤ የኛ የሐረርጌ ተራሮች የመኖሪያው ምሥራቃዊ ጫፍ ናቸው። የውጭ ተመራማሪዎች ስም አውጥተው የመዘገቡት እ.ኤ.አ. በ1910 ነው። ፈረስ ሊያህል ጥቂት የቀረው እንስሳ እስከዚያ ድረስ ከሳይንስ ዓይን ተሰውሮ የቆየው በጣም ዓይን አፋር ስለሆነ ነው። ጫካ ይወዳል፤ ሰው ሲሰማ ቁጥቋጦ ውስጥ ገብቶ ድርቅ ብሎ ይቆማል።

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በየአገሩ ፓርክና ጥብቅ ደን ላይ የወረደውን መዓት የዚያ ዘመን ሰው ያስታውሳል። የኛም ተራራ አልቀረለትም፤ ዛፉ ተቆረጠ፣ አጋዘኑ ታደነ። ከዚያ የተረፈው እንስሳ ዛሬ ከላዩ እንደ ንብ የሚጮህ ነገር ሲመጣበት ምን ይሆናል?

"ምንም አይሆንም፤ እንስሳቱ ዝም ብለው ቆመው ነው የሚያዩን" ይላሉ ልጆቹ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ። አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ ተመራማሪዎች ጥቁር ድቦች ላይ የልብ ምት መቁጠሪያ ተክለው ድሮን በላያቸው አበረሩ፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ታተመ። ድቦቹ አብዛኛውን ጊዜ ከቆሙበት ንቅንቅ አላሉም። ላየ ሰው ግድ ያልሰጣቸው ይመስሉ ነበር። የልባቸው ምት ግን ከድሮኗ በፊት ከነበረው በደቂቃ እስከ 123 ምት ጨምሮ ተገኘ። ቁጥሩን ደግማችሁ አንብቡት፤ ጭማሪው ብቻ ነው 123። እንግዲህ ድብ እንዲህ ከሆነ፣ መደበቅ ተፈጥሮው የሆነው ደጋ አጋዘን ቁጥቋጦ ውስጥ ቆሞ ልቡ ስንት ይመታ ይሆን? ካሜራዋ "የተረጋጋ እንስሳ" ብላ ታነሳዋለች፤ ሰዉም "ዋው" ይልና ላይክ ያደርጋል።

ሌላም አለ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ቦልሳ ቺካ በሚባል ጥብቅ ሥፍራ እ.ኤ.አ. በ2021 አንዲት ድሮን ወፎች እንቁላል ጥለው በታቀፉበት ሜዳ ላይ ወደቀች። አንዲት ድሮን ናት፤ የተኮሰችው ነገር የለም። ሦስት ሺህ ገደማ የባሕር ወፎች ደንግጠው ብድግ አሉ፣ አልተመለሱም። 1,500 ያህል እንቁላል ፀሐይ ላይ ቀረ። አብራሪው ወፍ ሊገድል የወጣ ሰው አይመስለኝም። እንደኛ ልጆች ጥሩ ምስል ፈልጎ የወጣ ነው።

አሜሪካኖቹ ነገሩን ቀደም ብለው ነው የቆረጡት። ጽዮን በሚባለው ፓርክ ድሮን የተራራ በጎችን መንጋ በትና ግልገሎቹን ከእናቶቻቸው እንደለየች ከተነገረ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በጁን 2014 በብሔራዊ ፓርኮቻቸው በሙሉ ከለከሉ። ሁለት ወር ሳይሞላ አንድ ቱሪስት የሎውስቶን ፓርክ ካለው ትልቁ የፍል ውሃ ኩሬ ውስጥ ድሮኑን ጣለ። ደቡብ አፍሪካም በብሔራዊ ፓርኮቿ ከልክላለች። ኬንያ ለድሮን በጠቅላላው ደንብ አውጥታ ፓርክ ውስጥ ለማብረር ግን የዱር እንስሳት አገልግሎቷን ፈቃድ ትጠይቃለች። ቱሪስት እንደ ጎርፍ የሚገባባቸው አገሮች እነዚህ ናቸው። "ድሮን ካልተፈቀደ ቱሪስት አይመጣም" የሚሉን ሰዎች ይህን እንዴት ይፈቱታል? ናይሮቢ አንበሳ ለማየት የሚሄደው ፈረንጅ ድሮኑን አገሩ ትቶ ይሄዳል፤ ገንዘቡን ግን ይዞ ይሄዳል።

አንድ የማከብረው ወዳጄ በሌላ በኩል መጣብኝ። "አንተ ስለ ልብ ምት ታወራለህ፤ አዋሽ ፓርክን ለሁለት ሰንጥቆ የሚያልፈውን የጅቡቲ መንገድ ረሳኸው? ሳላውን የሚገድለው ሲኖትራክ ነው ወይስ ድሮን? ግጦሹን የጨረሰው ማነው? ከሰሉን የሚያከስለው ማነው?" አለኝ። በዚህ አልከራከረውም። ከባድ መኪናው፣ ከሰሉ፣ መጤው አረምና የከብቱ ብዛት ፓርኩን ከድሮን መቶ እጥፍ ጎድተውታል። ግን ልዩነት አለው። መንገዱ የአገሪቱ ወደብ መተላለፊያ ነው፤ ነገ ጠዋት ይዘጋ ማለት አይቻልም። ከብቱን የሚነዳው ከረዩና ኢቱ፣ አፋሩም ጭምር፣ ድርቅ ሲመጣ ሌላ መሄጃ ስለሌለው ነው። ከሰል የሚያከስለው ልጆቹን ሊያበላ ነው። ድሮን የሚያበርረው ግን ምን ቸግሮት ነው? የታመመ ሰው ላይ ብዙ በሽታ አለበት ተብሎ ጉንፋን አይጨመርበትም።

ስለ እሳትም ላንሳ። በ2004 ዓ.ም. የአሰቦት ገዳም ደን ሲቃጠል የምዕራብ ሐረርጌ ሰው፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ያን ተራራ እያየ ነው ያነባው፤ ከአዲስ አበባ ሳይቀር እሳት ሊያጠፋ የመጣ ወጣት ነበር። የኛ ቆላ በበጋ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ፤ ሣሩ ክብሪት ሳይጫር ሊነድ የሚፈልግ ይመስላል። የድሮን ባትሪ ደግሞ ሲወድቅና ሲቀጠቀጥ የሚነድ ዓይነት ነው። አሪዞና ውስጥ እ.ኤ.አ. በማርች 2018 ተከስክሳ እሳት ያስነሳች አንዲት ድሮን 335 ኤከር፣ ማለትም 135 ሄክታር ገደማ የሣርና የደን መሬት አቃጠለች። እነሱ የእሳት አደጋ መኪናም ሄሊኮፕተርም አላቸው። እኛ ያለን ቅጠልና አካፋ ነው።

ከአውሬው ወደ ሰው እንመለስ፤ ለኔ ትልቁ ነገር ይህ ነው። አዋሽ ፓርክ በ1958 ዓ.ም. ተቋቁሞ በ1961 ዓ.ም. በአዋጅ ሲጸና ባዶ መሬት ላይ አልነበረም። ከረዩው፣ ኢቱውና አፋሩ የበጋ ግጦሹን ያጣው ያኔ ነው፤ በአንድ በኩል በፓርኩ፣ በሌላ በኩል በመተሐራ የስኳር እርሻ። ከዚያ ወዲህ አርብቶ አደሩና ፓርኩ በጎሪጥ እንደተያዩ ነው። ስካውቱም አርብቶ አደሩም ደም የተቃባበት ጊዜ አለ። አሁን እዚህ መሐል ድሮን ጨምሩ። ከብቱን ይዞ ፓርኩ ውስጥ ያለ ሰው ከላዩ የሚያንዣብብ ነገር ሲያይ "የቲክቶክ ልጅ ነው" ብሎ ያስባል? ሊያስቡት የሚችሉት ሁለት ነገር ነው፦ ወይ ፓርኩ ሊከሰኝ እያነሳኝ ነው፣ ወይ ደግሞ የባሰው።

የባሰውን በስሙ ልጥራው። በ2014 ዓ.ም. በገና ሰሞን ትግራይ፣ ደደቢት፣ ተፈናቃዮች የተጠለሉበት ትምህርት ቤት ላይ የተፈጸመ የድሮን ጥቃት ከ50 በላይ ሰው ገደለ። ከዚያ ወዲህ በአማራ ክልል ሲቪሎች በድሮን መገደላቸውን ራሱ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን አስታውቋል። በዚህ አገር ገጠር "ድሮን" የሚለው ቃል የሠርግ ካሜራ ሆኖ አልገባም፤ ሬሳ ይዞ ነው የገባው። የከተማ ልጅ ድምፁን ሰምቶ ወደ ላይ ቀና ብሎ ፈገግ ይላል። የገጠር እናት ልጇን ጎትታ ወደ ቤት ትገባለች። የሁለቱም አገር አንድ ነው፤ ሰማዩ ግን አንድ አልሆነም። ይህን ያደረገው መንግሥት ነው እንጂ የሠርግ ቀራጩ ልጅ አይደለም። ቢሆንም ልጁ ያንን ፍርሃት ባላወቀ ሰው ላይ ይዞት እየሄደ ነው።

ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 26 ላይ የሰውን የግል ሕይወት አስከብሯል። ባለከተማው አጥር አለው፤ አርብቶ አደሩ አጥሩ አገሩ ነው። ፓርክ ዳር ውሃ የምትቀዳ፣ የምትታጠብ ሴት ከሰማይ ተነስታ ዩቲዩብ ላይ ብትወጣ ማን ይጠየቃል? ይህ ጥያቄ ለኢንሳም ለፓርኩም የቀረበ አይመስለኝም።

አሁን ደግሞ "ታዲያ ድሮን ሁሉ ይሰበር?" ትሉኝ ይሆናል። አይሰበር! አንበጣው በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. ማሽላችንን ሲግጥ የሐረርጌ ገበሬ ሰማይ ሰማይ ያየው የሚበር ነገር ይምጣልን ብሎ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ፈንታሌና ዶፈን አካባቢ መሬት ሲንቀጠቀጥ፣ በታኅሣሥ ወር ዶፈን ላይ እንፋሎትና አፈር ወደ ላይ ሲወረወር፣ ሕዝብ ከቤቱ ሲፈናቀል፣ ሰው ቀርቦ ሊያየው የማይችለውን ስንጥቅ ከላይ ማየት ሕይወት ማዳን ነበር። የዱር እንስሳ ለመቁጠር፣ ሕገወጥ አዳኝ ለመከታተል፣ እሳት ከየት እንደተነሳ ለማየት የሠለጠነ ሰው በፈቃድ፣ በከፍታ ልክ፣ በወቅቱ ቢያበርር ማን ይጠላል? የኔ ክርክር ከመዝናኛዋ ጋር ነው።

በነገራችን ላይ አንድ የሚያናድደኝ ነገር አለ። በአርሲና በሐረርጌ መገናኛ እንደ ዲንዲን ያሉ የተፈቀደ አደን ክልሎች አሉ፤ ዶላር የከፈለ የውጭ አገር አዳኝ ደጋ አጋዘኑን በሕግ ተኩሶ ቀንዱን ወደ አገሩ ይወስዳል። የአካባቢው ልጅ ግን ያንኑ እንስሳ በካሜራ አትቅረበው ሊባል ነው። አዳኙ የሚከፍለው ገንዘብ ለጥበቃ ይውላል የሚል መልስ አለ፤ ከፊሉ እውነት ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ለአካባቢው ወጣት ምን እንደደረሰው ሳትነግሩት "ተፈጥሮን ጠብቅ" ብትሉት አይሰማችሁም። እኔም በሱ ቦታ ብሆን አልሰማም።

ለዚህ ነው ክልከላው ብቻውን ይበቃል የማልለው። መጀመሪያ ነገር፣ መንግሥት በሕዝብ ገንዘብ ያስቀረጸውን የፓርኮች የሰማይ ምስል ካዝና ውስጥ ከሚቆልፍበት ለሕዝብ ይልቀቀው። አዋሽ ከሰማይ ምን እንደሚመስል ማሳየት የፈለገ የጭሮ ልጅ እሱን ወስዶ፣ የራሱን ትረካ ጨምሮ ይሥራበት። አንዴ ከተነሳ ስንቴ ይነሳል? ፏፏቴው እንደሆነ ቦታውን አይለቅ!

ከዚያ ደግሞ ከፓርክ ውጭ ያለውን ሰማይ ይክፈቱለት። የጭሮን ተራሮች፣ የሚኤሶን ገበያ፣ የሂርናን የማሽላ እርከን፣ የሠርግ ሰልፉን፣ የኳስ ሜዳውን ሕግ አክብሮ፣ ሰው አስፈቅዶ ቢያነሳ ምን ይሆናል? ለዚህ አዲስ አበባ ድረስ ደብዳቤ ይዞ የሚመላለስበት ምክንያት አይታየኝም። ወረዳው ሊመዘግበው፣ ቁጥር ሊሰጠው፣ ጥፋት ሲያጠፋ ሊጠይቀው ይችላል። ዛሬ ያለው ነገር ግልብጥ ነው፦ መከልከል ያለበት ቦታ ላይ በዘመድ ይፈቀዳል፣ መፈቀድ ያለበት ቦታ ላይ በጅምላ ይከለከላል።

ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣኑም አዋጁን አውጥቶ አቧራውን ያራግፍለትና ስለ ድሮን አንድ አንቀጽ ያስጨምር። አንቀጹ የሚኒስትር ካሜራማንን፣ የቴሌቪዥን ጣቢያን፣ የዲፕሎማት እንግዳን በስም ይጥራ፤ "ከ… በስተቀር" የምትለዋ ቃል በዚህ አገር ስንት ሕግ እንደበላች እናውቃለንና። ቅጣቱም ይጻፍ፤ መሣሪያው የሚነጠቀው በደረሰኝ ይሁን። ሕጉም በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በአፋርኛ አዋሽ ፓርክ መግቢያ በር ላይ፣ ኩኒም መንገድ ዳር፣ ሰው በሚያየው ቦታ በትልቁ ይለጠፍ።